ወይዘሮ አስካለ የፈቱት ቋጠሮ

ማክሰኞ ማለዳ የእድራችን ጡሩምባ ሲነፋ፣ በዚህ ዕድሜዬ ለእኔ መስሎኝ ራሴን ዳበስኩ። ያረፉት ግን የቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ፣ ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። ሞት ተራ አያውቅም፤ ኮልፌ የምትፈልጋቸውን ወስዶ እኔን ተወ።

ከጎናቸው ተቀምጬ ዳኛ ተብያለሁ። ሥራዬ በአብዛኛው ማንቀላፋት ነበር። ሸሚዜን አዛንፌ ቆልፌ ስመጣ፣ «አቶ ታደሰ፣ እርስዎንስ ማን ችላ ብሎዎት ነው? ወላጅዎን እንክሰስ?» ይሉኝ ነበር።

ልጁን ችላ አለ ተብሎ ሰው ሲከሰስ፣ ወይዘሮ አስካለ ቤቱን በዓይናቸው ሳያዩ አይፈርዱም ነበር። የልጁን ጸጉር ይዳብሳሉ፤ የድስቱን ክዳን ያነሳሉ። «ሕጉ ችላ ያለን ቅጣ ይላል፤ ያጣን ቅጣ አይልም» ይላሉ።

ለብርቄ ክስም እንዲሁ ቤቷ ሄድን። ብርቄ ባሏ ዘመቻ ሄዶ የቀረባት ሴት ናት። ሁለት ሕፃናቷን ከአልጋ እግር አስራ፣ አስኮ ሰፈር የቀን ሥራ ስትውል ጎረቤት ከሰሳት።

«ልጅ በግ ነው እንዴ የሚታሰር?» አለ ከሳሹ።

«ወንዙ ደጄ ላይ ነው! አምና የወሰደውን ልጅ ረሳኸው?» አለች ብርቄ፣ ከሥራዋ ተጠርታ መጥታ።

ወይዘሮ አስካለ ተንበርክከው ቋጠሮውን ፈቱ። ገመዱ የልጆቹን ወገብ እንዳይከረክር፣ ከብርቄ ነጠላ የተቀደደ ቁራጭ ተጠቅልሎበታል። ቂጣና ውሃ እጃቸው በሚደርስበት ተቀምጧል።

«ችላ ያለ ሰው ቋጠሮ አያለሰልስም» ብለው ልጆቹ ከእናታቸው እንዳይለዩ ፈረዱ፤ ቀን ቀን እሳቸው ቤት እንዲውሉም አደረጉ። እኔም ያን ዕለት ሳላንቀላፋ ተስማማሁ።

ፍርዱ ግን ከበላይ ተሻረ። ልጆቹ በመኪና ተጭነው ወደ ማሳደጊያ ተወሰዱ፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ጠፋ። ወይዘሮ አስካለ ሕመማቸውን ይዘው በየቢሮው ደጅ ሲጠኑ ከረሙ። «ልጅ ወስዶ የት እንዳደረሰው የማያውቅስ ምን ይባላል?» ይሉ ነበር።

ቀብሩ ላይ ብርቄ ክንዴን ያዘች። «አባባ፣ ከእንግዲህ ማንን ልጠይቅ?» አለችኝ። ለሁሉ ቀልድ የማላጣው ሽማግሌ፣ ደግፌ ወደ መቃብሩ አቀረብኳት።

ወይዘሮ አስካለ፣ ዛሬ ሸሚዜን አስተካክዬ ቆልፌ ነው የሸኘሁዎት። ልጆቹ አልተገኙም፤ ይገኛሉ ብዬም አልዋሽዎትም። ብርቄ ያንን የነጠላ ቁራጭ ለሐዘንዎ ወገቧ ላይ አስራ መቃብርዎ አጠገብ ቆማለች። ቋጠሮዋን የሚፈታላት ሰው እርስዎ ነበሩ። ደህና ይሁኑ።