የአባቴ ባዝራና የጅላል ብርድ

የመሥሪያ ቤታችን አንዲት መኪና ሁልጊዜ ወደ ሀርሺንና ወደ ሌሎቹ ሩቅ ወረዳዎች ስለምትላክ፣ በጅግጅጋ ዙሪያ ያሉትን መንደሮች የምዞረው በአባቴ ባዝራ ነበር። ሥራዬ የእንስሳት ሕክምና ነው። ክትባት የያዘችውን ትንሽ የበረዶ ሣጥን ከኮርቻው ኋላ አስሬ ጠዋት እወጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ስለ ባዝራዋ ዕድሜ በትክክል ነግሮኝ አያውቅም። እኔ ግን የፈረስ ዕድሜ በጥርሱ ማወቅ አያቅተኝም፤ ከንፈሯን ገልጬ ባየሁ ቁጥር ያየሁትን ላለማመን እሞክር ነበር። ጥርሶቿ ረዝመው ወደ ፊት አዘንብለዋል። ሃያ ባይሞላት እንኳ ብዙ አይቀራትም።

ኅዳር ሲያልቅ፣ ሶማሌዎች ጅላል የሚሉት ረጅሙ ደረቅ ወቅት ገባ፤ አጥንት የሚሰረስረው ንፋስም ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት ደረቅ ወንዝ ስንሻገር ባዝራዋ ተደናቀፈችና በሁለት የፊት ጉልበቶቿ ተንበረከከች። አንገቷ ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ራሷ ተነሣች። ወርጄ እግሮቿን በእጄ ዳበስኩ፤ ቁስልም እብጠትም የለም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ስጋልብ ዓይኔ መንገዱን አያይም፤ ጆሮዬ ኮቴዋ ላይ ነው። አንዱ እርምጃ ትንሽ ከዘገየ ወርጄ እግሯን እዳብሳለሁ።

እናቴ ጠዋት ኮርቻ ሳወጣ ስታየኝ፣ «ዛሬም ልትጭናት ነው?» አለችኝ። «ብርዱ የእኔን ጉልበት እንዲህ ካደረገው እሷማ እንዴት ትሁን? የአባትህ አደራ ናት። ዝናብ እስኪጥል አሳርፋት።»

ኮርቻውን መለስኩት። ቅርብ ቅርቡን መንደር በእግሬ ማዳረስ ጀመርኩ፤ ራቅ ያሉትን ለሌላ ጊዜ አቆየሁ።

በአጥር የሚዋሰኑን አንድ አዛውንት ነበሩ። በወጣትነታቸው ግመል ያረቡ፣ ፈረስም ብዙ የጋለቡ ሰው ናቸው። እንደ ሰፈሩ ልጆች «አዴር»፣ አጎቴ እንደማለት ነው፣ እያልኩ እጠራቸው ነበር። ባዝራዋ ሳምንት ሙሉ ታስራ ሲያዩ ወደ አጥሩ ቀረቡ።

«ታማለች እንዴ?»

«አልታመመችም፣ አዴር። አርጅታለች። ብርዱ እስኪያልፍ ብዬ ነው።»

«ወላሂ ተሳስተሃል! ያረጀ ፈረስ በብርድ ከታሰረ እግሩ እንጨት ይሆናል። ትንሽ ትንሽ አስኪዳት። እኔን አታየኝም? ሦስት ቀን መስጊድ ከቀረሁ በአራተኛው መነሣት ያቅተኛል።»

አክብሬ ሰማኋቸው እንጂ አልተቀበልኳቸውም። እሳቸው ስትንበረከክ አላዩአትም። እግሯ እኔን ተሸክማ ቢሰበር ከስቃይ ለማሳረፍ መግደል እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ በሌላ ሰው ከብት ላይ አድርጌዋለሁ። በእሷ ላይ ላለማድረግ ኮርቻውን ካስቀመጥኩበት አላነሣሁትም።

በሁለተኛው ሳምንት የኋላ እግሮቿ ከቋንጃዋ በታች አበጡ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ስወጣ ውሃዋን አልነካችውም። ውሃው ጣት የሚያደነዝዝ በረዶ ነበር። በእግሯ መሬቱን ትጭራለች፤ ትተኛለች፤ ተነሥታ ዞራ ጎኗን ታያለች። በበረቱ ውስጥ አዲስ ፋንድያ የለም። አንጀቷ ደርቆ መዘጋቱ ገባኝ። ስንት ጊዜ ያከምኩት በሽታ ነው፤ ብቻዬን ለመጀመር ግን አልደፈርኩም።

አዴርን ጠራኋቸው። እሳቸው ራሷን ያዙልኝ፤ እኔ በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብቼ ዘይት መስጠት ጀመርኩ።

«ቀስ በል» አሉኝ። «እጅህ ከፈራ እሷም ትፈራለች።»

ከዚያ ግቢውን እየዞርን አስኬድናት። እኔ ሲደክመኝ አዴር ይቀበሉኛል፤ እሳቸው ለቀትሩ የዙህር ሶላት ሲሄዱ እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ገመዱን ያዘች። ከሰዓት በኋላ ባዝራዋ ቆመች፣ ጅራቷን አነሣችና ፋንድያዋን ጣለች። እናቴ እልል አለች። ሰው ለፋንድያ እልል ሲል ሰምቼ አላውቅም። አዴር እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ከእንግዲህ እሳቸው እንዳሉህ አድርግ» አለችኝ እናቴ።

ስለዚህ እንደገና መጋለብ ጀመርኩ። ፀሐይ ሳትሞቅ አልወጣም፤ አላስሮጣትም፤ ቁልቁለት ስናገኝ እወርዳለሁ። ውሃዋን ለብ አድርጌ ጨው ጣል አደርግበታለሁ፤ ፉርሽካዋን እዘፈዝፍላታለሁ። የእግሯ እብጠት ጎደለ። የእኔ ጭንቀት ግን አልጎደለም። ሳላስኬዳት ስውል አንጀቷን እፈራለሁ፤ ሳስኬዳት እግሯን እፈራለሁ።

ጥር ላይ ከሩቅ መንደር መልእክት መጣ፤ ፍየሎች እያሳላቸው ይሞታሉ። መኪናዋ የለችም። የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ግማሹን ተቀምጬ፣ ግማሹን እየሳብኳት ደረስን፤ ገና ያልታመሙትንም ፍየሎች ከተብኩ። ስንመለስ ሜዳው መሐል ንፋሱ አቧራ ይዞ መጣብንና ባዝራዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ብጎትታት አልነቃነቅ አለች። በቃ፣ አለቀላት ብዬ አንገቷን አቀፍኩ። እሷ ግን ቀስ ብላ ዞረች፣ ጀርባዋን ለንፋሱ ሰጠች፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ጠበቀች። እኔም ከጎኗ ተጠግቼ ጠበቅኩ። አቧራው ሲያልፍ ራሷ መንገድ ጀመረች፤ እስከ ቤት በእግሬ ተከተልኳት።

እናቴ በእግሬ ስመጣ አይታ ከበር ጮኸች፤ «ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። እኔ ነኝ የወረድኩት።»

ያንን ጅላል አለፈችው፤ ተከታዩንም። በሦስተኛው፣ አንድ ጠዋት ኮርቻ ይዤ ስቀርብ ሸሸችኝ። ደግሜ ቀረብኩ፣ ደግማ ሸሸች። ከዚያ ወዲህ ጭኛት አላውቅም፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ በገመድ ይዤ አንሸራሽራት ነበር። በሚያዝያ ዝናብ ጥሎ ሣር ካበቀለ በኋላ፣ መስኩ ላይ በጎኗ እንደተኛች ሞታ አገኘናት።

በቀበርናት ሰሞን አዴርን ጠየቅኳቸው፤ «እነዚያን ሁለት ጅላሎች በብርድ የጋለብኳት ለእሷ እግር ብዬ ነው ወይስ ሌላ ፈረስ ስላልነበረኝ?»

«ለሁለቱም ይሆናል» አሉ። «እሷ ግን ለምን ብላ አልጠየቀችህም፤ አንተ ነህ የምትጠይቀው።»

ሊያጽናኑኝ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ዛሬም፣ ኅዳር አልቆ ንፋሱ ሲነሣ፣ ያንኑ እጠይቃለሁ።