ለወደቀ በሬ የሚሆን መተግበሪያ

ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ሥራ የጀመርኩ ቀን ላፕቶፔን ከፍቼ ለታዘዝነው የስልክ መተግበሪያ፣ ለአፑ፣ ቀለም እመርጥ ጀመር። አለቃችን አቶ ጌትነት ከኋላዬ ቆመው ጥቂት ካዩ በኋላ፣ አፑን የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። «ገበሬ» አልኩ። የትኛው ገበሬ፣ ምን ሲገጥመው ብለው ደግመው ጠየቁ። በማግስቱ ደብተር አስይዘው የአፑ ተጠቃሚዎች ወደሚኖሩበት ደብረ ኤልያስ ላኩኝ።

አፑን ያዘዘን አንድ የገበሬዎች ማኅበር ነው። ከብት ሲታመም ለእንስሳት ሐኪሙ ቶሎ እንዲያሳውቅላቸው ፈልገዋል። ሰብሳቢው አቶ ይልማ የሚፈልጉትን ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈው ሰጥተውናል። የይለፍ ቃል፣ የከብቱ ፎቶ፣ የበሽታዎች ዝርዝር፣ ዜና ሳይቀር ነበረበት።

የሐኪሙ የዶክተር በላይ ክሊኒክ በር ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ሥራዬ አይቶ መጻፍ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን ወይዘሮ እናኑ የሚባሉ ሴት ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው መጡ። ዶክተር በላይ በሬዎ ምን ሆነ አላላቸውም፤ ቆሟል ወይስ ተኝቷል ብሎ ነው የጀመረው። ከዚያ መብላት ያቆመው መቼ እንደሆነና ሰፈራቸውን ጠየቀ። ወዲያው የመድኃኒት ቦርሳውን ይዞ ሴትዮዋን ሞተሩ ላይ አፈናጦ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሲመለስ በሬው እንደሚድን፣ ግማሽ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ግን እንደማይተርፍ ነገረኝ። እኔም ያንኑ ዕለት ከአቶ ይልማ ዝርዝር ከይለፍ ቃሉ በቀር ሁሉንም ሰርዤ በቦታው የዶክተር በላይን ሦስት ጥያቄዎች አስገባሁ።

ወረቀት በስልክ ልክ ቆርጬ በእያንዳንዱ ላይ የአፑን አንድ ገጽ ሣልኩ። በገበያ ቀን ወይዘሮ እናኑን አግኝቼ ለሙከራ አነበብኩላቸው። የመጀመሪያው «የእንስሳው ሁኔታ» ይል ነበር። ወረቀቱን በእጃቸው ገፋ አድርገው፣

«ልጄ፣ ይሄ የቢሮ ቃል ነው። የእኔ በሬ ወደቀ እንጂ ሁኔታ የለውም» አሉኝ።

ስልኩ የቤተሰቡ ሁሉ መሆኑን፣ እሳቸውም ማንበብ እንደማይችሉ ጨምረው ነገሩኝ። የይለፍ ቃሉን ሰረዝኩ፤ ጥያቄዎቹም በእሳቸው አነጋገር፣ በድምፅ እንዲነገሩ ወሰንኩ።

አቶ ይልማ ግን ያሸበረቀ ስክሪን ጠብቀው ወደ ቢሯችን መጥተው የተቆራረጠ ወረቀት ሲያዩ ተቆጡ። ሥራውን ለሌላ ድርጅት እንደሚሰጡ ተናገሩ። አቶ ጌትነት ወደ እኔ አዩ። ወረቀቶቹን በእንግዳው ፊት ደረደርኩና፣

«አቶ ይልማ፣ የእርስዎ በሬ አሁን ቢወድቅ መጀመሪያ የቱን ይነካሉ?» አልኳቸው።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሱ አዩ። ከዚያ ከጻፉት ዝርዝር ላይ ዜናውን ራሳቸው ሰረዙት። ፎቶው ግን አይሰረዝም አሉ። በሬ የወደቀበት ሰው ፎቶ ለማንሳት ጊዜ የለውም ብዬ ተከራከርኩ፤ አልተቀበሉኝም፣ ፎቶውም አፑ ውስጥ ገባ።

ትክክል የነበሩት እሳቸው ናቸው። አፑ ሥራ ሲጀምር ዶክተር በላይ ፎቶውን አይቶ የትኛውን መድኃኒት ይዞ እንደሚወጣ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። እኔ ክሊኒክ በር ላይ ተቀምጬ ስለነበር በሬው የወደቀበትን በረት አላየሁም፤ አቶ ይልማ ደግሞ ከብት ሲያረቡ ስለኖሩ፣ ሐኪም የታመመውን ከብት በዓይኑ ማየት እንዳለበት ያውቁ ነበር።

ዛሬ ከደብረ ኤልያስ አልፎ እስከ ቁይ ከተማ ድረስ ያሉ ገበሬዎች ይጠቀሙበታል። ከዚያ በኋላ ብዙ አፕ ነድፌያለሁ፤ ሥራዬንም እወደዋለሁ። ንድፍ ከመጀመሩ በፊት ተጠቃሚው የሚቸገርበት ቦታ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ደንበኛው የጻፈውንም ለምን እንደጻፈው ሳይጠይቁ መሰረዝ ስህተት ነው።