ቨርና በራሷ ላይ የፈረደች ዕለት

ከብረት ፋብሪካዎቹ ከተማ ከያንግስታውን በስተምዕራብ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ርቃ አንዲት ከተማ አለች። ስሟን አልጠራውም፤ በሳቦል ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ስላልተጠራ እኔም ለምጄዋለሁ። ኤሚል ሳቦል በዚያች ከተማ ቤንዚን አይቀዳም፣ ቡና አይጠጣም፣ ቢቸግረው እንኳ ሽንት ቤት አይገባም። በየዓመቱ ለፋሲካ እህቱ ዘንድ ሲሄድ ከተማዋን ላለማየት አርባ ደቂቃ ይዞራል። አንዴ በጁላይ ሙቀት የመኪናው ራዲያተር ፈልቶ ቆመና፣ የከተማዋ ነዳጅ ማደያ ፊት ለፊት እየታየው ሦስት ማይል በእግሩ ሄዶ ከሌላ መንደር ውሃ አመጣ። ለምን ሲሉት መልሱ አንድ ነው። «ሚስቴን አንፈልግም ያሉ ሰዎች የእኔንም ገንዘብ አይፈልጉ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ኤሚል ሞኝ አልነበረም፤ የያዘውን ግን አይለቅም። ያስያዘችው ደግሞ ራሷ ሚስቱ ነበረች።

ቨርና የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት። ከዳኛው ወንበር ሥር ተቀምጣ፣ ሃያ ሁለት ቁልፍ ብቻ ባላት ትንሽ የጽሕፈት መኪና፣ በችሎት የሚነገረውን እያንዳንዱን ቃል ትመዘግባለች። ሰው ሲያለቅስ ትጽፋለች፣ ሲዋሽ ትጽፋለች፣ ጠበቃው ሲሳሳትም እንደተሳሳተ ትጽፋለች። በመጨረሻም «ይህ መዝገብ እውነተኛና ሙሉ ነው» ብላ ትፈርማለች። አንዲት መስመር ካጠራጠረቻት አትፈርምም፤ በዚህ የምትታወቅ ሴት ነበረች።

እንዲህ ሆና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከቆየች በኋላ፣ አርባ አንድ ዓመቷ ላይ፣ አንድ ቀን ድንች እየላጠች ለባሏ እንዲህ አለችው።

«የዛሬው ጠበቃ አፉን ዘግቶ ተቀምጦ ደንበኛውን አስበላው። ሦስት ቦታ ላይ ተነሥቶ መቃወም ነበረበት። ቆጥሬያለሁ።»

«ታዲያ አንቺ ለምን አትነሺም?»

«እኔ ጸሐፊ ነኛ።»

«ከእናትሽ ሆድ ጸሐፊ ሆነሽ ነው የወጣሽው?»

ነገሩ በዚህ ተጀመረ። ስሟን የማልጠራት ከተማ ውስጥ፣ ቀን ሲሠሩ ለሚውሉ ሰዎች ማታ ማታ የሚያስተምር የሕግ ትምህርት ቤት ነበረ። ለመግባት ማመልከቻ፣ ከሚያውቃት ሰው የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አገሩ ሁሉ የሚቀመጥበትን የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ፈተናው ሕግ አይጠይቅም። ረጅም ጽሑፍ ታነባለህ፤ የሰው ክርክር የቱ ጋ እንደተጣመመ ትፈልጋለህ፤ ከዚያ እንቆቅልሽ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እንቆቅልሹ ላይ ነው። ሰባት ሰዎች ይሰለፋሉ፤ እገሌ ከእገሊት አጠገብ አይቆምም፤ እገሊት ከእገሌ ትቀድማለች፤ እንግዲህ ሦስተኛ ማን ሊቆም ይችላል? ለአንዱ እንቆቅልሽ ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ኤሚል የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ እጁ ሥራ ያውቃል። ምድር ቤቱን በጣውላ ከፍሎ ከማሞቂያው ጎን ክፍል ሠራላት፤ ጠረጴዛና መብራት አስገባላት። ማክሰኞና ሐሙስ ራት የእሱ ተራ ሆነ። የሚችለው አንድ ራት ብቻ ነው፦ ጥቅል ጎመን ከፓስታ ጋር በቅቤ የተጠበሰ። ስምንት ወር እሱኑ በሉ። ከራት በኋላ የእንቁላል መቀቀያዋን ሰዓት ይዞ ደረጃው ላይ ይቀመጣል።

«አምስት ደቂቃ ቀረሽ፣ ጠበቃዬ።»

«ዝም በል።»

«እኔ ዝም ካልኩ ሰዓቱ መሄዱን ማን ይነግርሻል?»

ረቡዕ ረቡዕ ኳስ እያንከባለሉ የእንጨት ዒላማ የሚጥሉበትን ቦውሊንግ ይጫወታል። የጨዋታ ጓደኛው ካርሚን ነው፤ ሁለቱም በጉብዝናቸው ብረት ፋብሪካ ውስጥ አብረው የተለበለቡ፣ አንዱ የአንዱን ልጅ ክርስትና ያነሣ ሰዎች ናቸው። ኤሚል የሚስቱን ነገር በሆዱ መያዝ አልቻለም፤ ለቦውሊንጉ ቤት ሁሉ አወራው።

«ሚስትህ ጠበቃ ከሆነች ፍቺህን በነጻ ትጨርስልሃለች» አለው ካርሚን።

«የሚስትህንም በነጻ ትይዝላታለች። ሮዝ ካሁኑ ወረፋ ይዛለች።»

የቀሩት ተጫዋቾች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ቨርና ግን ይህን ስትሰማ አልወደደችውም። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ነገር አይሆንላትም ብላ ታስብ ነበር።

ዲሴምበር ደረሰ። ለሚቀጥለው ዓመት ትምህርት የሚያገለግለው የመጨረሻው ፈተና ይህ ነበር። ማመልከቻዋ ተሞልቷል፤ አለቃዋ ዳኛ ሃሎራን የጻፉላት ደብዳቤ በታሸገ ፖስታ ጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የሚቀረው ውጤቱ ብቻ ነው።

ፈተናው አምስት ክፍል አለው፤ የሚቆጠረው ግን አራቱ ነው። አንዱ ፈታኞቹ አዲስ ጥያቄ የሚሞክሩበት ሲሆን የትኛው እንደሆነ ለተፈታኙ አይነገርም። ቨርና ይህን አሳምራ ታውቅ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል እንቆቅልሽ ሆነ። ሰባት የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች በረድፍ ይቆማሉ። እርሳሷ እንደ ቅቤ ሄደላት፤ ሁሉንም ጨርሳ አራት ደቂቃ ተረፋት። ሦስተኛውን ክፍል ስትገልጥ እንደገና እንቆቅልሽ። ይኸኛው ስለ ጭነት መኪኖችና ስለ መጋዘኖች ነበር፤ ቀለማቸው የተለያየ ሣጥኖች ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራሉ። ጭንቅላቷ ዞረ። ጊዜው ሲያልቅ ግማሹን የመልስ ክብ እንዲሁ በግምት አጥቁራ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈች።

ሁለት የእንቆቅልሽ ክፍል ከመጣ አንዱ በእርግጥ የሙከራ ነው። የቱ? ማንም አያውቅም። ቨርና ግን ያወቀች መሰላት። የሚቆጠረው ያ ያቃጠላት ነው፤ ያ የቀናት ዘማሪዎቹ ያሉበት ለከንቱ የመጣ ነው። ማስረጃ አልነበራትም። በያንግስታውን ያደገ የእሷ ዘመን ሰው ግን ለክፉ ነገር ማስረጃ አይጠይቅም። አንድ ሰኞ ጠዋት ብረት ፋብሪካው ተዘጋ ተብሎ በሺህ የሚቆጠር ሰው የምሳ ዕቃውን እንደያዘ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያየች ልጅ ናት። የዚያን ዕለት አባቷም ከተመላሾቹ አንዱ ነበር። እናቷ እስክትሞት ድረስ «ደግ ነገር በር ሲያንኳኳ ቤት ተሳስቶ ይሆናል» ትል ነበር።

ውጤቱን ሳያዩ ማሰረዝ ይቻላል፤ ቀነ ገደቡ ሐሙስ ነው። ፈተናውን ከተቀመጠችበት ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ ስታወጣ ስታወርድ ቆየች። መጥፎ ውጤት ከተመዘገበ በስሟ ላይ ይኖራል። እሷ ደግሞ የምትጠራጠረውን መዝገብ ፈርማ አታውቅም። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ወደ ፍርድ ቤቱ ቢሮ ገባች፤ «ውጤቴ ሳይታይ ይሰረዝልኝ» የሚለውን ቅጽ ሞላች፣ ፈረመችና ለፈታኞቹ በፋክስ ላከችው። ማሽኑ ወረቀቱን ጎትቶ ለመጨረስ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዳኛ ሥር ስትቀመጥ ተከሳሹን ሳይሰማ የፈረደ ዳኛ አይታ አታውቅም ነበር።

ለኤሚል አልነገረችውም። ብትነግረው «በጁን ድገሚው» እንደሚላት ታውቃለች፤ እሷ ደግሞ ደግማ መውደቅን አልቻለችም። ማመልከቻውንም አልላከችም። ማርች ሲደርስ፣ ሌሎች ሰዎች ደብዳቤ በሚደርሳቸው ሳምንት፣ ወጥ ቤት ቆማ «አልተቀበሉኝም» አለችው።

ኤሚል እጁን ዘረጋ።

«ደብዳቤው የታለ?»

«ቀድጄ ጣልኩት።»

«ደግ አደረግሽ» አለ። ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወርዶ ያለ ምክንያት ማሞቂያውን ሲነካካ አመሸ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና ለዳኛውም ይህንኑ አለች። ሃሎራን ስልክ አንሥተው ሊጠይቁላት ሲሉ «ክቡር ዳኛ፣ በእግዚአብሔር ይተዉት» ብላ ለመነቻቸው። ተዉት። ደብዳቤያቸው እንደታሸገ መሳቢያው ውስጥ ቀረ።

ችግሩ ኤሚል መተው አለማወቁ ነው። በዚያው ሳምንት ቦውሊንግ ቤት ካርሚን እንደ ልማዱ ሊያሥቅ ብሎ «ምነው ኤሚል፣ ጠበቃችን የመጀመሪያ ክሷን ተረታች አሉ?» አለው። ኤሚል ኳሷን አስቀመጠ፣ ጫማውን ቀየረና ወጣ። በዚያው ቀረ። ካርሚን ሁለት ጊዜ ቤቱ ድረስ መጣ፤ ኤሚል በር አልከፈተለትም። ቨርና ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ሲመለስ አይታዋለች። አንዲት ቃል ብትናገር ሁለቱን ባስታረቀች፤ ያቺን ቃል ግን ማውጣት አልቻለችም። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ካርሚን በልቡ ሕመም ሞተ። ኤሚል ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሞ፣ የሟቹን ሚስት ሮዝን ሳያናግር ተመለሰ።

ቨርና ሌላ ሰው ጠበቃ ሲሆን እየጻፈች ዕድሜዋ ሃምሳ ሰባት ሞላ። ዳኛ ሃሎራን ጡረታ ወጡ፤ ሌላ ዳኛ መጣ።

በዚያ ዓመት የበረዶ ወራት አይሪስ ቬሌዝ የምትባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሁለት ወፍራም መጻሕፍት ታቅፋ መጣች፤ ያለፉ ዓመታት የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናዎች የተሰበሰቡባቸው ናቸው።

«ወይዘሮ ቨርና፣ በምሳ ሰዓት ሰዓት ይይዙልኛል? ቤት ልጆቹ አያስቀምጡኝም።»

«እንቆቅልሹን ነው?»

«ያውቁታል እንዴ?»

«ሰምቻለሁ» አለች ቨርና።

አይሪስ አቀርቅራ ስትሠራ፣ ቨርና ሌላውን መጽሐፍ አንሥታ እንዲሁ ገጹን ታገላብጥ ጀመር። ዲሴምበር 1997 የሚል ገጽ ላይ ደረሰች፤ እሷ የተፈተነችበት ወር ነው። እጇ ቆመ። ሰባት የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች በአንድ ረድፍ ይቆማሉ። ቃል በቃል ያው ነው። ወደፊት ገለጠች፣ ወደኋላ ገለጠች። ጭነት መኪና የለም። መጋዘን የለም። ባለቀለም ሣጥን የለም። የተቆጠሩት አራቱ ክፍሎች ብቻ ታትመዋል፤ መኪኖቹ ከነሣጥኖቻቸው ሙከራ ነበሩ።

«ወይዘሮ ቨርና፣ ሰዓቱ አላለቀም?»

ካለቀ ስድስት ደቂቃ አልፎት ነበር።

መጽሐፉን ተውሳ ወጣች። ቅዳሜ ጠዋት ኤሚል ዓሣ ሊያጠምድ ሲሄድ ምድር ቤት ወረደች፤ ከድሮው ጠረጴዛ ላይ የቀለም ቆርቆሮዎቹን አነሣችና ፈተናውን በሙሉ ተቀመጠችለት። የጥንቱን ውጤት ልክ አድርጎ ማወቅ እንደማይቻል ገብቷታል፤ ግን ዘማሪዎቹን እንዴት እንዳሰለፈቻቸው እጇ አልረሳም። ከሃያ አራቱ የእንቆቅልሽ ጥያቄዎች የሳተችው አንዱን ነው። የቀረውን ደምራ መጽሐፉ መጨረሻ ካለው ሠንጠረዥ ጋር ስታመሳክረው መቶ ስልሳ ሁለት ሆነ። ያኔ ያ የማታ ትምህርት ቤት መቶ ሃምሳ ሦስት ያመጣውን ይቀበል ነበር። ቨርና እርሳሷን አስቀምጣ አለቀሰች። ያስለቀሳት መውደቋ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ፋሲካ መጣ። ወደ ኤሚል እህት መንገድ ጀመሩ። የኤሚል መዞሪያ ላይ ሲደርሱ አቅጣጫ ማሳያውን አበራ።

«አትታጠፍ» አለችው። «ቀጥታ ሂድ።»

«ወዴት?»

«ወደ ከተማው ግባ። ማደያው ጋ አቁምልኝ።»

ፊቷን አይቶ አልተከራከረም። ገብቶ አቆመ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም። ቨርና ሁሉንም ነገረችው፦ ዘማሪዎቹን፣ ጭነት መኪኖቹን፣ ፋክሱን፣ መሳቢያው ውስጥ ያለውን ፖስታ። ስትናገር ወደ እሱ አላየችም።

«ቀደድኩት ያልኩህ ደብዳቤ አልነበረም» አለች በመጨረሻ። «ማንም አልፈልግሽም አላለኝም። አልጠየቅኋቸውማ።»

ኤሚል ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ወደ ሱቁ ገባና ብዙ ቆየ። ጥሎኝ ይሄዳል ብላ ነበር፤ ሁለት የወረቀት ኩባያ ቡና ይዞ ተመለሰ። አንዱን ሰጣትና ቁጭ አለ።

«እና አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የተኳረፍነው ከማን ጋር ነው?»

«ከእኔ ጋር።»

ቡናውን ቀመሰ። መስተዋቱን እያየ ደግሞ ፉት አለ።

«ብትወድቂም እኮ ጠበቃዬ ነበር የምልሽ» አለ። «ሰዓት የያዝኩልሽ እንድታልፊ ብቻ መሰለሽ?»

ቨርና የኩባያዋን ክዳን ከፈተች።

«ካርሚን ሁለት ጊዜ መጣ» አለ ኤሚል። «በር ላይ ቆሞ ጠራኝ። ሰምቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ። እኔም ሰምቻለሁ።»

ቡናቸውን ጨረሱ። ከዚያ ኤሚል ኩባያዎቹን ሰብስቦ ጣለና፣ ተመልሶ ሞተሩን አስነሣ።

«ስንመለስ ሮዝ ቤት እንገባለን» አለ። «የምትነግሪያት አንቺ ነሽ።»

«እሺ» አለች።