ግድግዳ ሊለምኑ የተላኩ ሽማግሌዎች

ላሊሴ ገበታ ላይ እንጀራውን መቆነጣጠር ከጀመረች ልቧን የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። ያሳደገቻት ተረፈች ይህን ታውቃለች። ያን ሰሞን ልጅቷ የጎረሰችውን እንኳ መዋጥ ትረሳ ነበር።

ላሊሴ መሐንዲስ ናት። ቡራዩ ውስጥ አቶ ተድላ ቢሮ ተቀጥራ፣ ሊሠራ የታሰበ ሕንፃ ጸንቶ መቆም አለመቆሙን በኮምፒውተር ታሰላለች። አሁን የያዘችው የአጎቷን የኦቦ ዲሪባን ባለ አምስት ፎቅ ነው፤ የሚሠራው አምቦ መንገድ ዳር፣ ከታክሲ ማዞሪያው ፊት ለፊት። ምድር ቤቱ ሁሉ ሱቅ ይሆናል፤ የማዕዘኑን ኦቦ ዲሪባ ለእህታቸው ለተረፈች ሰጥተዋል። ተረፈች እዚያው ማዞሪያ ላይ፣ ሸራ ወጥራ ልብስ እየሰፋች ነው ወላጆቿ የሞቱባትን ላሊሴን ያስተማረችው። እንግዲህ በመስተዋት የተከበበ ሱቅ ይኖራታል፤ የሰቀለችውን ቀሚስ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። መጋረጃውን እንኳ መርጣ ገዝታለች።

ችግሩ የመጣው ከወደ አሳንሰሩ ነው። ሕንፃው የኮንክሪት ግድግዳ ያለው በዚያ በኩል ብቻ ነበር። መሬት ሲንቀጠቀጥ ሕንፃ በጎን ይገፋል፤ ግፊቱም የማይበገረውን ፈልጎ ይሄድና ግድግዳውን እንደ መቀስ ሊቆርጠው ይመጣል። ላሊሴ ብታሰላው ኃይሉ ግድግዳው ከሚችለው በላይ ሆነ። ብረት መጨመርም አላዋጣም፤ ኮንክሪቱ ራሱ ይደቃል። ብታወፍረው ደግሞ ይበልጥ ግፊት ወደ ራሱ ሳበ፤ ሕንፃው ወደ አንድ ወገን አደላና ይጠማዘዝ ጀመር፤ በተረፈች ሱቅ በኩል ያሉት ምሰሶዎች ኮምፒውተሩ ላይ በቀይ ታዩ።

ኮንክሪት ሲናወጥ መሰንጠቁ ስለማይቀር፣ የግድግዳውን ግትርነት፣ ማለትም አለመበገሩን፣ እስከ ግማሽ ቀንሶ ማስላት የተፈቀደ ነው። ላሊሴ በግማሽ ቀነሰችው፤ አልበቃም። የተረፈች መስተዋት ዓይኗ ላይ እየመጣ ከግማሽም አወረደችው፤ ደግሞ አወረደችው። ቀዩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ።

አቶ ተድላ ከኋላዋ ቆመው አዩና ግትርነቱን ስንት እንዳደረገችው ጠየቋት። ነገረቻቸው። 

«ኮምፒውተሩ የነገርሽውን ያምናል» አሏት። «ግድግዳው ግን አልሰማሽም።»

መፍትሔው ለሁለቱም ግልጽ ነበር። ግፊቱን የሚጋራ ሌላ ግድግዳ በወዲያኛው ጫፍ ይቁም፤ ይህም በተረፈች ሱቅ ላይ፣ በመንገዱ በኩል። ይህን ግን ላሊሴ በየትኛው አፏ ትናገረው? አጎት ፊት ለፊት እንቢ አይባልም፤ ያሳደገች አክስት ደግሞ ከዚያም ትብሳለች። ስለዚህ ቅዳሜ ሰበታ ወርዳ የሟች አባቷን ወዳጅ ኦቦ ሚልኬሳን ሽማግሌ ሁኑልኝ አለቻቸው። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁ። ልጅ አይደለም፣ ግድግዳ ነው ስትላቸው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ሆኖም እሁድ ረፋዱ ላይ አንድ ጎረቤታቸውን አስከትለው፣ ተረፈችና ላሊሴ ለእሁድ ምሳ የመጡበት ኦቦ ዲሪባ ደጃፍ ደረሱ።

«አካም ቡልተን» ብለው ሰላምታ ሰጥተው ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ተረፈች ይህን ስታይ ልጅቷ ምግብ የማትበላበት ምክንያት የተገለጠላት መሰላት፤ ሮጣ ጓዳ ገባችና አውልቃ ያኖረችውን አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ ተመለሰች።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አሉ ኦቦ ዲሪባ።

«ቃል ሳናገኝ አንቀመጥም።»

«ልጅቷን ነው?»

«ልጅቷስ ትቆያችሁ። አራት ሜትር ግድግዳ ነው የምንለምነው።»

ኦቦ ዲሪባ መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። ነገሩ ሲብራራላቸው ግን ተቆጡ፤ መሐንዲስ ያስተማርነው ሱቅ እንድትደፍን ነው ወይ አሉ። ተረፈች ወደ ላሊሴ ዞረች።

«እኔ ሱቅ ላይ?»

«አዎ፣ አዳዳ» አለች ላሊሴ፤ የአባቷ እህት ናትና እንዲህ ነው የምትጠራት። «ካልቆመ መሬት የተንቀጠቀጠ ቀን ሕንፃው በአንቺ በኩል ነው የሚጠመዘዘው። እዚያ ውስጥ የምትቀመጪው ደግሞ አንቺ ነሽ።»

«ሁለቱም ወገን ይዘጋል?»

«የመንገዱ ብቻ። በጎን ያለው የቅያሱ መስተዋት ይቆይልሻል።»

አምና ከወደ አዋሽ መሬት ሲናወጥ፣ ተረፈች ቤት የተንጠለጠለው አምፖል ተወዛውዞ ነበር። ያኔ ላሊሴን ከአልጋዋ ጎትታ ደጅ ያወጣቻት እሷ ናት። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ሁለት በርጩማ አነሣችና ሽማግሌዎቹ እግር ሥር አኖረች።

«ተቀመጡ» አለች። «ሰጥተናል።»

ኦቦ ዲሪባ እህታቸውን አዩ። ሱቁን አንዴ ሰጥተዋታልና፣ እሷ ከሰጠች ወዲያ እሳቸው ሊከለክሉ አይችሉም።

ምሳ ላይ ተረፈች ላሊሴን አላናገረቻትም፤ ኩርፊያዋም ሰነባበተ። የመጋረጃው ጨርቅ ግማሹ ትርፍ ሆኖ ሣጥን ውስጥ ገባ። የዚያን እሁድ ግን እያኮረፈችም ዓይኗ ከልጅቷ እጅ አልተነቀለም፤ ላሊሴ ድርሻዋን ጨርሳ ሌላ እንጀራ ስትስብ አየች፤ ወጡን ጨለፈችላት።