የጨው ሌባ

ታላቅ ወንድሜ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለው ሱቁ ደጃፍ ላይ በስትሮክ ከወደቀ ወዲህ ቀኝ እጁ አይታዘዘውም፤ ምላሱም ተሳስሮ ቃል እየቆራረጠ ነው የሚያወራው። እኔም የደም ግፊት አለብኝ። ደግሞ ወሬ ወዳድ ነኝ፤ ምላሴ ከተያዘ ምን ቀረኝ? አልዋሽም፣ በጣም ፈርቼ ነበር።

ባለቤቴ በዚያው ሰሞን የጨው ዕቃውን ከማድቤት አወጣችው። ወጡ ውስጥ አንዲት ቁንጣሪ አትገባም። መድኃኒቴንም ሳላጓድል እውጣለሁ። ግፊቴ ግን ወይ ፍንክች።

ሐኪሟ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን፣ «አባባ፣ ጨው ቀንሰዋል?» አለችኝ።

«እርግፍ አድርጌ ትቻለሁ።»

ባለቤቴ ከጎኔ ቀበል አድርጋ፣ «ጎረቤት እየዞረ ይበላል እንጂ» አለቻት። ደሜ ፈላ። ብዙ ነገር ተብያለሁ፣ የጨው ሌባ ግን ተብዬ አላውቅም። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ቤታችን እስክንደርስ ሁለት እርምጃ ቀድሜያት ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሴቶቹ ግቢው ውስጥ በርበሬ አስጥተው ነበር። ሻዬን ይዤ ከበረንዳ ቁልቁል ሳይ፣ ባለቤቴ የታመሰ ጨው በሳህን ሙሉ አምጥታ በርበሬው ላይ ገለበጠችው፤ ወፍጮ ቤት አብሮ ሊፈጭ።

«አንቺ ሴት፣ ያ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ጨው ነዋ። በርበሬ ያለ ጨው...» ብላ ሳትጨርስ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያምናው በርበሬም፣ ሽሮውም እንዲሁ ከነጨው የተፈጩ ነበሩ። እናቷም እንደዚያው ነበር የሚያዘጋጁት፣ ማን ልብ ይላል?

«ታዲያ ቀደም ብለህ አትነግረኝም?» አለችኝ ደግሞ። ይቅርታ አጠያየቋ እንዲህ ነው።

ለእኛ ቤት ሌላ በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ተፈጨ። ሐኪሟም ኩላሊቴን ካስመረመረች በኋላ ጎመን፣ ድንችና ሙዝ ያዘውትሩ አለችኝ፤ ውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ሰውነት ጨውን እንዲያስወጣ ይረዳል ብላ። ቀስ በቀስ ግፊቴ ወረደ። እፎይ አልኩ፤ ወሬዬም ተመለሰ።

ባለፈው እሁድ ወንድሜን ምሳ ጠራነው። ባለቤቴ ሽሮ አቀረበች። በግራ እጁ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ሽሮ ጨው የለውም» አለ።

ጥርት አድርጎ ነው ያለው። ከታመመ ወዲህ አንድም ቃል ሳይሰበርበት ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። እኔ ወሬኛው «እስቲ ድገመው!» አልኩት። ባለቤቴ እንባዋን እየጠረገች ሽሮውን ጨመረችለት፤ እሱም እየተነጫነጨ ሙልጭ አድርጎ በላው።