ቡላ ውሃ ማብዛት ስትጀምር

መጀመሪያ ያየሁት ውሃ ማብዛቷን ነው። ድመታችን ቡላ ዕድሜዋን ሙሉ ከሳህኗ ላስ ላስ አድርጋ የምትተው ነበረች። ያን ሰሞን ግን ሳህኑ ቶሎ ቶሎ ይደርቃል። ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት። የደነገጥኩት ስዳብሳት የጀርባዋ አጥንት እጄ ላይ ሲቆረቁረኝ ነው።

ቡላ የልጄ የሳራ ነበረች። ሳራ ለሥራ ወደ ዙሪክ ስትሄድ፣ እዚያ አጠገብ ዋሊሰለን በሚባል ከተማ የተከራየችው ቤት እንስሳ ስለማይፈቀድበት፣ ቡላ ኦ ቪቭ ሰፈር እኛ ጋ ቀረች። ባለቤቴ ጌታቸው "የድመት ቦታዋ ደጅ ነው" የሚል ሰው ነው።

የእንስሳት ሐኪሟ ደሟን መርምራ ክሬያቲኒን የሚባለው የኩላሊት መለኪያ ከፍ ማለቱን ነገረችን። "ኩላሊቷ እየደከመ ነው። አይድንም። ግን ደህና ጊዜ ልንሰጣት እንችላለን።" ከቆዳዋ ሥር ሴረም የሚባለው ፈሳሽ የሚሰጥበትን መርፌ አሳየችን። እኔ ወደ ኋላ አልኩ። ጌታቸው መነጽሩን አድርጎ መርፌውን ተቀበላት።

ከዚያ ወዲህ ሥራው የእሱ ሆነ። የሴረሙን ከረጢት ለብ ባለ ውሃ እያሞቀ፣ ጭኑ ላይ ፎጣ አንጥፎ፣ "አይዞሽ እናቴ፣ አሁን ያልቃል" እያለ ሲወጋት ቡላም ዝም ትልለት ነበር፤ ምግቧንም መልሳ ጀመረች፣ ክረምቱንም ማሞቂያው አጠገብ ተጋድማ በሰላም አሳለፈች።

ከዚያ ማስመለስ መጣ። ምግብ ተወች። መቆም አቃታት።

ሐኪሟ "አሁን የምናራዝመው ስቃይዋን ነው፤ በመርፌ ብናሳርፋት ይሻላል" አለች።

እኔ ኃጢአት መስሎኝ ፈራሁ። ሳራ በስልክ አለቀሰች። "ማሚ፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ!"

ጌታቸው ስልኩን ወሰደ። "ልጄ፣ እስከ ቅዳሜ ብናቆያት ለእኛ ነው እንጂ ለእሷ አይደለም።"

ሳራም፣ "እሺ አባዬ፣ አሁኑኑ ባቡር እይዛለሁ" አለች። የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ደረሰች።

አንዱ መርፌ አስተኛት። ሁለተኛው ልቧን አቆመ። የጌታቸው መዳፍ ከራሷ ሥር ነበር።

እናንተም ያረጀ እንስሳ ካላችሁ፣ ውሃ ሲያበዛ አትዘናጉ፤ ቶሎ አስመርምሩት። መርፌው አያስፈራችሁ፤ እጅ ይለምደዋል። መቼ ይብቃ የሚለውን ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁ። "ለድመት ይለቀሳል ወይ?" የሚላችሁ አይጠፋም፤ አልቅሱ።

ልጄ እስክትደርስ ክሊኒኩን ሳትዘጋ የጠበቀችንን ሐኪም እግዜር ይስጥልኝ። ቡላንም አመሰግናታለሁ። እኔ አንድ ቀን አልጋ ላይ ብወድቅ፣ ጌታቸው እንዴት አድርጎ እንደሚይዘኝ አሁን አውቃለሁ።