አባቴ ቢላዋ የያዘበት የመጨረሻው ፋሲካ

ወንድሜ ያን ጊዜ ዳንግላ ከገበያው ጀርባ ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ ልብስ ይሰፋ ነበር። ሥራው የወንድ ሙሉ ልብስ ነው። ኮሌታ አገጣጠሙን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሌላ ጋ አይሄድም፤ የሠርግ ሰሞን ሙሽሮች ተራ ይጠብቁት ነበር። እኔም እዚያው ከተማ አስተምራለሁ። እናትና አባታችን ግን ከእንጅባራ አለፍ ብሎ፣ ዘንገና አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ግማሽ ሰዓት በእግር በሚያስኬደው እርሻችን ላይ ብቻቸውን ነበሩ። በዓል ሲመጣ አብረን ተሳፍረን እንሄዳለን።

የዚያን ዓመት ፋሲካም ቅዳሜ ማለዳ ተነሳን። መንገዱ በጸጥታ ችግር ተዘግቶ ሰንብቶ ገና መከፈቱ ስለነበር ሚኒባሱ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተጭኗል። ወንድሜ የበዓል ልብስ ሲያደርስ ስለሰነበተ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ነው የደረሰው።

አባቴ ከበሩ ፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አሥር እርምጃ ሲቀረን፣

«ማነው?» አለ።

«እኛ ነና! ማን ይመጣል ብለው ነው?» አለ ወንድሜ።

አባቴ ሳቀ። «ድምፃችሁን ልስማ ብዬ ነው» አለና ተነስቶ ሳመን።

እኔም ሳቅሁ። ግን ወደ ውስጥ ስገባ ማሳው ዓይኔ ውስጥ ገባ። በዚያ ሰሞን ጎረቤት ሁሉ መሬቱን አንዴ ሁለቴ ገልብጧል። የኛ ማሳ አልተነካም። በሬዎቹ ግን ግቢ ውስጥ ቆመው ያመነዥካሉ። አባቴ በሬ አቁሞ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም።

ረፋዱ ላይ የንስሐ አባታችን ቄጤማ ይዘው መጡ። ጸሎት አድርገው ለእያንዳንዳችን አደሉን። ለአባቴ ሲዘረጉለት እጁ ከቄጤማው ጎን አልፎ አየር ጨበጠ። እናቴ ከየት እንደደረሰች አላውቅም፣ ቄጤማውን ተቀብላ ራሷ ግንባሩ ላይ አሰረችለት። ቄሱ ወደ መሬት አዩ። ወንድሜ የቤቱን ፈረስ ሊያይ ከጓሮ ሄዶ ስለነበር ይህን አላየም።

ቄሱ እንደወጡ እናቴን ተከትዬ ወደ ማድቤት ገባሁ። ለዶሮው ሽንኩርት ትከትፋለች።

«እማ፣ አባ አያይም እንዴ?»

መክተፏን አላቆመችም። «ያያል።»

«እማ!»

«ጥላ ጥላውን ያያል» አለች። «ጠዋት ይሻለዋል። ፀሐይ ሲወጣበት ይብስበታል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። በግራ ዓይኑ ጀመረው፣ ቀጥሎ ቀኙን ያዘው። የዘራሁትም ያረምኩትም እኔ ነኝ። አምና ለእርሻው ጎረቤት አግዞን ነበር፤ ዘንድሮ ‘ሰው አታስገቢ፣ ይታወቅብኛል’ አለኝ። ለእናንተ ትንፍሽ እንዳልል አስምሎኛል።»

«ሐኪም ሳያየው? ሁለት ዓመት ሙሉ?»

ያኔ ቢላዋውን አስቀመጠችና በክንዷ ዓይኗን ጠረገች፤ ከሽንኩርቱ ይሁን አይሁን አላውቅም። «ለወንድምሽ እንዳትነግሪ። በዓሉ ይለፍ። ማክሰኞ አራታችንም ተቀምጠን እንነጋገራለን።»

«እሺ» አልኳት።

ያቺን «እሺ» ስንት ጊዜ መልሼ እንደሰማኋት። ያልኳት ለእናቴ አዝኜ ብቻ አይደለም። የክፍሌ ተማሪዎች አድክመውኝ ነበር፤ ሦስት ቀን ሳላስብ በልቼ ጠጥቼ ልመለስ ፈልጌ ነው። ለሐዘኑ ማክሰኞ ይደርሳል አልኩ።

እሑድ ጠዋት ጉሙ ከሐይቁ ወጥቶ ግቢውን ሸፍኖታል። ወንድሜ በጉን ከጋጣው እየጎተተ አወጣው፤ እናቴ ራሷ ያደለበችው ነጭ ሙክት ነው። ብርዱ ከባድ ስለነበር ወንድሜ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ለብሷል። የቀርከሃ ቅጠል አነጠፍን። እኔ ሳፋውን ይዤ ቆምኩ።

አባቴ ጋቢውን ለብሶ፣ ቢላዋውን በጋቢው ጫፍ እየወለወለ መጣ።

«ዘንድሮ ልጁ ይረድልን» አለች እናቴ። ድምፅዋ ቀሎ ነበር፣ እንደቀልድ።

«እኔ ሞቻለሁ?»

«ሞቱ መች አልኩ? ከተማ ኖሮ ማረድ እንዳይረሳ ብዬ ነው።»

«በኔ ደጅ የሚባርከው ሌላ ሰው የለም» አለ አባቴ።

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአገውኛ ለመነችው። በአገውኛ ነው ያደግነው፣ ሁላችንም ሰምተናል፤ «ስለ እግዚአብሔር ብለው ይተዉት» ነው ያለችው። ወንድሜ ስለ ሽማግሌ ጉልበት የምትጨነቅ መስሎት ሳቀ። «ተይው እማ፣ እኔ እይዝለታለሁ» አላት። እሷ እኔን አየችኝ። እኔ ሳፋውን አየሁ።

ወንድሜ በጉን አጋድሞ ጎድኑ ላይ ተንበረከከ፤ በግራ እጁ አገጩን ይዞ አንገቱን ወደ ኋላ ወጠረ። አባቴ ተንበረከከና በመዳፉ ከበጉ ትከሻ ጀምሮ ወደ ላይ ዳሰሰ። ዳሰሰ፣ ሱፉን አገኘ፣ እንደገና ሱፍ አገኘ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ቢላዋውን ሳበው።

ወንድሜ አልጮኸም። «አባ» ብቻ አለ፣ ሰው እንደሚጠራ። በጉ ፈንጥሮ ተነሳና በአጥሩ ጥግ ሮጠ።

«ምን ለቀቅከው? ያዘው እንጂ!» አባቴ ነው። የወንድሜ ደም ነጭ ጋቢው ላይ እየወረደ፣ እሱ ፊቱን የበጉ ኮቴ ወደሚሰማበት አዙሮ፣ ቢላዋውን እንደያዘ «ወዴት ሄደ?» ይላል።

ወንድሜ እጁን አይደለም ያየው። የአባቴን ዓይን ነበር የሚያየው።

ከዚያ በኋላ ያለው በጥድፊያ ሆነ። ነጠላዬን ቀድጄ እጁን አሰርኩት፤ እናቴ ፈረሱን ጫነች። እሱ ተቀምጦ እኔ ስቤ አስፋልቱ ድረስ ሄድን። የፋሲካ ዕለት ባጃጅ ከየት ይምጣ? ብዙ ከቆምን በኋላ ዶሮና ድፎ ዳቦ ይዘው ወደ ሚስትየዋ ወላጆች የሚሄዱ ባልና ሚስት የያዘ አንድ ባጃጅ ደረሰ። ደሙን ሲያዩ ሳንለምናቸው ወረዱልን። ቤታችንን አመልክተን ፈረሱን ለእነሱ አደራ ሰጥተን እንጅባራ ሆስፒታል ገባን።

ተረኛው ሐኪም ወጣት ልጅ ነው። ቁስሉን አጥቦ ሰፋለት። ከዚያ «እስኪ ጣቶችህን እጠፍ» አለው። አውራ ጣቱና ትንሿ ጣት ታጠፉ፤ ሦስቱ ቀጥ እንዳሉ ቀሩ።

«ጅማቱ ተቆርጧል» አለ ሐኪሙ። «የሚገጥመው ባሕር ዳር ያለ ባለሙያ ነው። ዛሬ ነገ ሳትሉ መሄድ አለባችሁ፤ ከቆየ ጅማቱ ወደ ክንዱ ይሸሻል።» የሪፈር ወረቀት ጻፈልን።

«ሥራዬ ስፌት ነው» አለው ወንድሜ።

ሐኪሙ ወረቀቱን አጥፎ ሰጠው። «በቶሎ ሂዱ» አለ ብቻ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስንመለስ ባልና ሚስቱ ያደረሱት ፈረስ ደጅ ታስሯል። ገበታ አልቀረበም። በጉ አንገቱ ላይ ጭረት ብቻ ይዞ ጋጣው ውስጥ ይበላል። አባቴ ቅጠሉ ከተነጠፈበት አልራቀም፤ ደም የነካውን ጋቢ እናቴ ልታወልቅለት ብትለምን እምቢ ብሏት ነበር።

«እጁን ምን አሉ?» አለ።

ነገርኩት። ወንድሜ ፊት ለፊቱ ቆሟል፤ ሁለት ዓመት እንደሆነው እናቴ ደጅ ላይ ነግራዋለች።

«አንገቱን ዳስሼ ነበር» አለ አባቴ። «ሹራብህ ነው ለካ። የበጉ ሱፍ መሰለኝ።»

«ለምን አልነገሩንም አባ?» አለ ወንድሜ። እስካሁን ያልተነፈሰው ሁሉ አብሮ ወጣ። «ለምን? ሁለት ዓመት ሙሉ!»

«ትመጣለህ ብዬ ነዋ» አለው አባቴ። «ዓይኔ ጠፋ ብልህ ስፌትህን ትተህ እዚህ ጭቃ ውስጥ ትገባለህ። አውቅሃለሁ። ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ እንኳ ከሞፈር ይዳን ብዬ ነው።»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ማድቤት ገባች።

ሰኞ ማለዳ እኔና ወንድሜ እንጅባራ መናኸሪያ ደረስን። አውቶቡሶቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ፀሐይ ይሞቃሉ። መንገዱ እንደገና ተዘግቷል። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም፣ ስልክ እንዳንደውል ኔትወርክ የለም። ለያንዳንዱ ሾፌር ወረቀቱን እያሳየሁ ዞርኩ። አንዱ አዛውንት ሾፌር «ልጄ፣ ሞት አፋፍ ላይ ያለች እናት ባሕር ዳር አለችኝ። መሄድ ቢቻል እዚህ ታገኚኝ ነበር?» አለኝ።

አጥሩ ሥር ተቀመጥን። ወንድሜ በፋሻ የታሰረ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያየዋል።

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «ቅዳሜ ነው ያወቅሁት» አልኩት።

«ቅዳሜ ከእሑድ ይቀድማል» አለ።

መንገዱ ሲከፈት ከሁለት ሳምንት በላይ አልፎ ነበር። ባሕር ዳር ያለው ባለሙያ ከፍቶ አየው፣ የቻለውን ሞከረ። አንዱ ጣት ትንሽ መታጠፍ ጀመረ፤ ሁለቱ ግን እንደደረቁ ቀሩ። በዚያው ጉዞ አባቴንም ዓይን ሐኪም ዘንድ አስገባነው። የዓይን ግፊት ነው አሉን። ገና ሲጀምረው ቢመጣ ጠብታው ያቆመው ነበር፤ አሁን የጠፋው አይመለስም። እናቴ ይህን ስትሰማ ሐኪሙን ሦስት ጊዜ አስደገመችው።

ወንድሜ ሱቁ ውስጥ ጥቂት ወር ታገለ። ጨርቁን በቀኝ እጁ ሲገፋ ግራው መምራት አልቻለም፤ ኮሌታው ይጣመማል። ደንበኞቹ ደግ ነበሩ፣ ምንም አይሉትም፤ ልብሱን ተቀብለው ግን ዳግም አይመጡም። በክረምቱ መውጫ የሲንጀር መኪናውን ለሌላ ሰፊ ሰጥቶ አባቴ የፈራለት ቦታ ተመለሰ። እርፉን በቀኙ ይይዛል፤ ጅራፉን ከግራ እጁ አንጓ ጋር በጨርቅ ያስረዋል። ድንቹንም ገብሱንም እሱ ነው የሚያደርሰው። አባቴ የበሬዎቹን ድምፅ እየሰማ አግዳሚው ላይ ይውላል፤ ማሳው ውስጥ ወንድሜ ዝም ካለ «አለህ?» ብሎ ይጣራል። ወንድሜ «አለሁ» ይለዋል። ከዚያ ሌላ ብዙም አያወሩም።

እኔን ወደ አንድ ዓመት ገደማ አላነጋገረኝም። አሁን እንነጋገራለን፤ ስለ ዘር፣ ስለ እናቴ ወገብ፣ ስለ ዝናቡ። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ባለፈው በዓል ልመለስ ስል አስፋልቱ ድረስ ሸኘኝ። ሚኒባሱ ዘገየብን፤ ብርድ ነበር፣ እጆቹን ብብቱ ሥር ወሽቋል።

«ያምሃል?» አልኩት።

«ሲበርድ ብቻ» አለኝ። እኛ አገር ደግሞ የማይበርድበት ቀን ጥቂት ነው። ሚኒባሱ ሲመጣ ቦርሳዬን በቀኝ እጁ አቀበለኝና በሩ ሳይዘጋ ዞሮ ወደ ቤት መንገድ ጀመረ።